ሳንጠየቅ አንጠና

ገበሬ ተመራማሪ ነው። ይህን ስል ለማሞገስ ብዬ አይደለም። አዲስ የስንዴ ዘር ሲመጣለት ማሳውን በሙሉ አይዘራበትም። ከዳር በኩል ጥቂት ቦታ ለይቶ ይሞክረዋል። በቀረው ላይ የለመደውን ዘር ይዘራል። ከዚያ ያያል። የትኛው ቶሎ ደረሰ? የትኛውን ዋግ መታው? የትኛው በጎተራ ነቀዘ? ዓመቱ ሲሞላ ራሱ ይፈርዳል። ይህ ሥራ በትምህርት ቤት ቋንቋ ጥናት ወይም ምርምር ይባላል።

የጤና ጥናትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አንድ ክትባት ይሠራ እንደሆነ፣ ሕፃናት ለምን በተቅማጥ እንደሚታመሙ፣ የትኛው መድኃኒት ሳልን ቶሎ እንደሚያድን ለማወቅ አጥኚዎች ይመጣሉ። ይመዝናሉ፣ ይለካሉ፣ ደም ይቀዳሉ፣ ይጽፋሉ። ልዩነቱ አንድ ነው። ማሳ አይጠየቅም። ሰው ግን ይጠየቃል።

ታዲያ ማን ነው የሚጠይቀው? ማንን ነው የሚጠይቀው? መቼ? መልሱንስ ማን ይሰማዋል? የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ከሕዝብ መካከል የሚገኝ ዕውቀት ምን ያህል እንደሚጠቅም እንይ። እንዶድን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሳሙና ከመለመዱ በፊት ነጠላና ጋቢ ይታጠብ የነበረው በእንዶድ ፍሬ ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት አድዋ ሄዱ። ቢልሃርዚያ በውኃ ውስጥ ከሚኖር ቀንድ አውጣ የሚነሣ በሽታ ነው። ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ወንዝ በገባ ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ሆድንና ጉበትን ይጎዳል። ዶክተሩ ከወንዙ ዳር ሆነው ሲመለከቱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈዋል። በሌላው ቦታ ያሉት ግን ደኅና ናቸው። ምን ገደላቸው? የእንዶዱ አረፋ ነው!

ዶክተር አክሊሉ ነገሩን በቤተ ሙከራ ፈትነው አረጋገጡ። በኋላም በዚያው በአድዋ 5 ዓመት የፈጀ ሥራ ተሠራ። በአካባቢው የተለቀመ እንዶድ እየተወቀጠ ወንዙ ውስጥ ይጨመር ነበር። ከ1 እስከ 6 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል ከ100 ወደ 50 ያህሉን ይዞ የነበረው በሽታ ከ100 ወደ 7 ወረደ። በ1989 ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ስዊድን አገር ተጠርተው ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

እንግዲህ አስቡት። ሴቶቹ በእንዶድ ባያጥቡ ኖሮ ሳይንቲስቱ ምን ያዩ ነበር? ዕውቀቱ ከሁለት ወገን ነው የመጣው። ነገር ግን በ1990ዎቹ አሜሪካ አገር የሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ቶሌዶ ይባላል፣ እንዶድን የውኃ ቧንቧ የሚደፍን ባለ ዛጎል እንስሳ ለመግደል እጠቀምበታለሁ ብሎ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ያኔ ብዙ ሰው «እንዶድ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ጥሩ ነበር። ቢሆንም ሥራው ካለቀ በኋላ ነው የተጠየቀው።

አሁን ደግሞ ሰው ሳይጠየቅ ሲቀር ምን እንደሚደርስበት እንይ። ይህን ታሪክ ሳነበው በጣም ነው የዘገነነኝ፤ ዘለቅ አድርጌ የምነግራችሁም ለዚህ ነው።

አላባማ የአሜሪካ አንዷ ክፍለ ሀገር ናት። በዚያ ተስኪጊ በምትባል ከተማ ዙሪያ በሰው መሬት የሚያርሱ ጥቁር ድሆች ይኖሩ ነበር። በእኛ አገር የድሮ አነጋገር ጢሰኞች ማለት ነው። አብዛኞቹ ብዙ አልተማሩም። በ1932 የአሜሪካ መንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት 600 ያህል ወንዶችን ከዚያ መረጠ። ወደ 400 የሚሆኑት ቂጥኝ ነበረባቸው። «መጥፎ ደም አለባችሁ፣ እናክማችኋለን» ተባሉ። አልታከሙም። የጥናቱ ዓላማ ቂጥኝ ሳይታከም ሲቀር ሰውን እስኪሞት ድረስ ምን እንደሚያደርገው ማየት ነበር።

በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን ታወቀ። ለሌላው ሰው ሲሰጥ እነዚህ ሰዎች ተከለከሉ። ለምን? ከታከሙማ ጥናቱ ያበቃል! ሰዎቹ በሽታቸውን ለሚስቶቻቸው አስተላለፉ። ሕፃናት ከነበሽታው ተወለዱ። ነገሩ በጋዜጣ ወጥቶ የቆመው በ1972 ነው። 40 ዓመት ሙሉ ማለት ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በሕዝቡ ፊት ይቅርታ የጠየቁት ደግሞ በ1997 ነው። ያኔ በሕይወት የነበሩት ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው።

ሰዎቹ ለምን 40 ዓመት እሺ አሉ? ምርመራ በነፃ ነበር። በምርመራው ቀን ምሳ ይበላል። ከሁሉም በላይ «ስትሞቱ የቀብር ወጪያችሁን እንችላለን» ተብለዋል። ሐኪሞቹ ይህን የሰጡት ሬሳውን ከፍተው ለማየት ነው። እድር ያለን ሰዎች የቀብር ወጪ ለድሃ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ስለዚህ አንድ ሰው ስጦታ ይዞ ሲመጣ «ስለ ምን ነው የሚሰጠኝ?» ብሎ መጠየቅ ብልግና አይደለም።

ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ደንብ ወጣ። በእኛም አገር ቢሆን በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት አስቀድሞ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ይመረመራል። የጥናቱ ተካፋይም ነገሩ ተነግሮት መስማማቱን ይገልጻል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የሥነ ምግባር ኮሚቴው የሚቀመጠው ቢሮ ውስጥ ነው። አባሎቹ በአብዛኛው የተማሩ ሰዎች ናቸው። የኛን የገበያ ቀን አያውቁም። አራስ ሴት በስንተኛው ቀን ከቤት እንደምትወጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደተቀያየመ፣ ደም ሲቀዳ ሰፈሩ ምን እንደሚያወራ ወረቀት ላይ አያገኙትም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው የማኅበረሰብ አማካሪ ቦርድ የተፈጠረው። ማኅበረሰብ ማለት አብሮ የሚኖር ሕዝብ ነው። አማካሪ ማለት መካሪ ነው። ቦርድ ማለት ደግሞ እንደ ኮሚቴ ያለ ጉባኤ ነው። በአጭሩ የአካባቢው ሰዎች ተመርጠው አጥኚዎችን የሚመክሩበት፣ የሚጠይቁበትና የሚቆጣጠሩበት ስብሰባ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የኤድስ ሕሙማን «መድኃኒት የሚሞከረው በእኛ ላይ ከሆነ ዕቅዱ ሲወጣም እኛ እንቀመጥ» ብለው ታገሉ። እንዲህ ያለው ቦርድ በብዙ አገር የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። በእኛም አገር ከ2011 ጀምሮ በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የአእምሮ ሕሙማንን በአቅራቢያቸው ጤና ጣቢያ ለማከም በተደረገ ጥናት እንዲህ ያለ ቦርድ ሠርቷል።

እስቲ ነገሩን ወደ ሰፈራችን እናምጣ። በክፍለ ከተማችን በንፋስ ስልክ ላፍቶ በኩል ትንሹ አቃቂ ወንዝ ያልፋል። በጎፋ፣ በመካኒሳና በላፍቶ ገበሬዎች የዚህን ወንዝ ውኃ እየሳቡ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጥቅል ጎመን ሲያለሙ ለብዙ ዓመት ኖረዋል። የአዲስ አበባ ሕዝብ በልቶታል። ወንዙ ደግሞ የፋብሪካ ፍሳሽና የከተማ ቆሻሻ ይገባበታል። አጥኚዎች ውኃውን፣ አፈሩንና አትክልቱን መርምረው ጤና የሚጎዱ ብረቶች እንዳገኙበት ጽፈዋል። በ2002 የወጣ አንድ ጥናት ጥቅል ጎመን ከሰላጣና ከቆስጣ ያነሰ ብረት እንደሚይዝ ያሳያል። ይህ ለአትክልተኛ ትልቅ ወሬ ነው። ምን መትከል እንደሚሻለው ይነግረዋል። ግን ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው።

አሁን እንበልና አንድ አዲስ የጥናት ቡድን መጣ። ከማሳችሁ ሁለት ሰላጣ ነቅሎ፣ አፈር በላስቲክ ቋጥሮ፣ አመስግኖ ሄደ። ከዓመት በኋላ በሬዲዮ «የወንዝ ዳር አትክልት መርዝ ነው» ተባለ። ገበሬው ይህን ከማን ይሰማል? ከነጋዴዋ ነው። ጠዋት መጥታ «ከእንግዲህ አልወስድም» ስትለው ነው። ወንዙን የበከለው እሱ አይደለም። የከሰረው ግን እሱ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አጥኚ ሲመጣ ውሻ ይለቅበታል። አይፈረድበትም።

ይኸው ጥናት አማካሪ ቦርድ ቢኖረው ምን ይለወጥ ነበር? ከገበሬው ወገን የተመረጠው አባል ገና ሥራው ሳይጀመር ይናገራል። «ከእኛ ማሳ ብቻ አትውሰዱ፤ ከፋብሪካው በላይም በታችም ያለውን ውኃ መርምሩ» ይላል። «ሌት ተቀን ውኃው ውስጥ ቆመን የምንውለው እኛ ነን፤ የኛንና የልጆቻችንን ጤና ለምን አታዩም?» ይላል። «ውጤቱን ከሬዲዮ በፊት ለእኛ ንገሩን፤ ምን እንትከል የሚለውንም አብራችሁ አምጡ» ይላል። ይህ ሁሉ ጥናቱን ያሻሽለዋል እንጂ አያበላሸውም።

ሆኖም ቦርዱ «ውጤቱን ደብቁልን» ማለት አይችልም። አትክልቱን የሚበላውም ሰው ነው። ስለዚህ በዚህ ቦርድ ውስጥ አምራቹ ብቻ ሳይሆን በላተኛውም መቀመጥ አለበት። በእኔ አስተያየት ከባዱ ነገር ይህ ነው፦ ማኅበረሰቡ ማን ነው?

ጀሞን ተመልከቱ። ከፉሪ ተራራ ግርጌ ያለው ይህ ቦታ ድሮ እርሻ ነበር። ዛሬ ጀሞ አንድ፣ ጀሞ ሁለት፣ ጀሞ ሦስት የሚባሉ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ቆመውበታል። ነባሩ ገበሬ አፋን ኦሮሞ ይናገራል። በዕጣ ቤት ደርሶት የገባው ከመሀል ከተማ ነው የመጣው። ተከራዩ ዛሬ አለ፤ ኪራይ ሲጨምርበት ነገ ይሄዳል። የቀን ሠራተኛው በጠዋት ወጥቶ በማታ ይገባል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ወንዝ ሽታ ይታመማሉ። ግን በአንድ እድር አይቀበሩም። አጥኚው ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄዶ «የሕዝብ ተወካይ ስጡኝ» ቢል፣ ሁልጊዜ በየስብሰባው የሚታዩት 5 ሰዎች ተጽፈው ይሰጡታል። ያ ቦርድ አይባልም። የስም ዝርዝር ነው።

እዚህ ላይ ነው የአስተባባሪ ሥራ የሚመጣው። አስተባባሪ ማለት በአጥኚዎቹና በሕዝቡ መካከል የሚመላለስ ሰው ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ አይሠራም፤ ጫማው ማለቅ አለበት። ወደየእድሩ ሄዶ «ከመካከላችሁ የምታምኑትን አንድ ሰው ራሳችሁ ምረጡ» ይላል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑም ወደ መስጊዱም ይሄዳል። የጋራ ሕንፃ ኮሚቴውን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ ልምድ ያላትን አዋላጅ፣ ወጣቱን ያነጋግራል። ተከራይም እንዲኖር ይጥራል። ጥናቱ ስለ አንድ በሽታ ከሆነ በሽታው ያለበት ሰው የግድ መኖር አለበት። ሴቶች ከግማሽ ባያንሱ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ሕፃን ሲታመም የምታድረው እናት ናት።

ስብሰባ የሚጠራበት ቀንና ሰዓትም ቀላል ነገር አይደለም። በገበያ ቀን ከሆነ ነጋዴ ሴቶች ይቀራሉ። በአጨዳ ጊዜ ከሆነ ገበሬው ይቀራል። በበዓል ቀን ከሆነ ሁሉም ይቀራል። ንግግሩ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሁን። አጥኚው ያመጣው ወረቀት በስብሰባው ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ማንበብ የማይችለው አባል አፍሮ ዝም እንዳይል። የከበደ ቃል ሲመጣ «ይህ ምን ማለት ነው?» የሚል አንድ ደፋር ሰው ቢኖር ሁሉም ይድናል። እናንተ አሁን ማንበብ የቻላችሁ ሰዎች ይህን ማድረግ ትችላላችሁ።

ቃለ ጉባኤ መያዝ አለበት። ቃለ ጉባኤ ማለት በስብሰባ የተባለውና የተወሰነው የሚጻፍበት ወረቀት ነው። ማን ምን ጠየቀ፣ አጥኚው ምን መለሰ፣ ያልተመለሰው ጥያቄ እስከ መቼ ይመለሳል፣ ሁሉም ይጻፋል። የሚቀጥለው ስብሰባ ሲከፈት ያ ወረቀት ይነበባል። ያልተጻፈ ቃል በንፋስ ይሄዳል፤ የተጻፈውን ግን ይዞ መጠየቅ ይቻላል። ቃለ ጉባኤው የሚቀመጠው በአጥኚዎቹ ቢሮ ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም። አንድ ቅጂ በአባሎቹ እጅ ይሁን።

ስለ አበል ደግሞ እንነጋገር፤ ሰው ሁሉ የሚያስበውን ዝም ብለን አንለፈው። የቦርድ አባል ሥራውን ፈትቶ ሲመጣ የትራንስፖርቱና የውሎው ሊታሰብለት ይገባል። ድሃ በራሱ ኪሳራ አማካሪ ይሁን ማለት ሀብታም ብቻ ይሁን ማለት ነው። ነገር ግን ክፍያው ሰውየውን አፉን የሚያስይዘው መሆን የለበትም። «ብናገር ይቀርብኛል» ብሎ የሚፈራ አባል አማካሪ አይደለም፤ ተቀጣሪ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቦርዱን ሰው ለመመልመል ሲጠቀሙበት ነው። «እናንተ ሽማግሌዎች ናችሁ፣ ሕዝቡን አሳምኑልን» ሲባል ነገሩ ተበላሸ ማለት ነው። ቦርዱ አጥኚውን ይመክራል እንጂ ሕዝቡን አይገፋም።

ቦርዱ የማይችለው አንድ ሌላ ነገር አለ። በሌላ ሰው ፋንታ «እሺ» ማለት አይችልም። እስቲ ይህን ጭውውት አንብቡት።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ደም ልንቀዳ ነው የመጣነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። የምን ደም?»

«ለጥናት ነው። የእድሩ ዳኛም ፈቅደዋል እኮ።»

«እሳቸውማ ወደ ሰፈር መግባቱን ፈቅደው ይሆናል። ክንዱ ግን የኔ ነው። ና ተቀመጥና ለምን እንደሆነ ንገረኝ። ገብቶኝ ካልወደድኩትስ?»

«ይተዉታል፣ እማማ።»

«ጤና ጣቢያ ስሄድ አይቆጡኝም?»

«አይቆጡዎትም። ሕክምናዎም አይቀርም። ጀምረው መሀል ላይ ቢተዉትም መብትዎ ነው።»

እማማ የጠየቁት ትክክለኛ ነገር ነው። በእኛ አገር ሊቀመንበር ወይም ሽማግሌ «ይሁን» ካለ ሰው እንደ ትእዛዝ ይወስደዋል። ስለዚህ ፈቃዱ ሁለት ነው። የቦርዱ ምክር በር ያስከፍታል። ከበሩ በኋላ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይጠየቃል።

በወላይታ የሆነው ይህን ያስረዳል። በዚያ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎች እግራቸው ያብጣል። አንዳንዱ ሰው ዝሆኔ ይለዋል፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብና ጫማ ማድረግ ይከላከለዋል። ሕዝቡ ግን «የዘር ነው» እያለ ከሕሙማን ቤት ጋር ጋብቻ ይሸሽ ነበር። አጥኚዎች አንዳንዱ ቤተሰብ ለምን በበለጠ እንደሚያዝ በደም ሊመረምሩ ፈለጉ። አስቡት፣ ሕሙማኑን በአደባባይ ሰብስበው «ዘራችሁን እንመርምር» ቢሉ ምን ይሆን ነበር? የሰፈሩ ልጃገረዶች በሙሉ ባል ያጡ ነበር።

አጥኚዎቹ አስቀድመው ሕዝቡን አነጋገሩ። እንዴት ብንጠይቃችሁ ነው የማንጎዳችሁ አሉ። የተማሩትንም በ2009 አሳተሙት። አድልዎ እንዳይብስ አስቀድሞ ስለ በሽታው ማስተማር፣ ጫማ እንደሚከላከለው መንገር፣ ሰውን በሚያምናቸው ሠራተኞች አማካይነት ማነጋገር ያስፈልጋል ብለው ጻፉ። የደሙ ጥናት በ2012 ታትሞ ወጣ። የሰውነት ተፈጥሮም አፈሩም ድርሻ እንዳላቸው አሳየ። ዘር ብቻ አይደለም፤ ጫማ ያደረገ ይድናል።

የመጨረሻው ነገር ስለ ደም ነው። «ደማችንን ይሸጡታል» የሚል ወሬ በየሰፈሩ አለ። ወሬ በቁጣ አይጠፋም፤ በመልስ ነው የሚጠፋው። በ1990ዎቹ ጎረቤታችን አቃቂና ወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞች ለኤድስ ጥናት በየ6 ወሩ እየመጡ ደም ይሰጡ ነበር። ከዚያ ጥናት ብዙ ነገር ታወቀ። ለምሳሌ የጤነኛ ኢትዮጵያዊ ሲዲ4 የሚባለው የበሽታ መከላከያ ሕዋስ ቁጥር ከአውሮፓውያን ዝቅ ያለ መሆኑ ተገኘ። በአውሮፓ ልክ ቢለካ ጤነኛው እንደ በሽተኛ ሊታይ ይችል ነበር። እነዚያ ሠራተኞች ለሁላችን ውለታ ውለዋል። አንድ ሰው ግን ዓመት ከዓመት ተመልሶ ክንዱን የሚዘረጋው ካመነ ብቻ ነው። ስለዚህ ቦርዱ አጥኚውን እንዲህ ብሎ ይጠይቀው፦ ስንት ማንኪያ ደም ነው? የት ይቀመጣል? ከአገር ይወጣል ወይ? ጥናቱ ሲያልቅ ይጣላል ወይስ ይቆያል? መልሱ ይጻፍ፤ በእድሩም ይነበብ።

ካነበባችሁ በኋላ ተነጋገሩበት፦

1. በሰፈራችሁ ለጥናት ደም የሰጠ፣ የተለካ ወይም የተጠየቀ ሰው አለ? ውጤቱ ተነግሮታል?

2. በጀሞ ስለ ወንዙ ውኃ ጥናት ቢደረግ በቦርዱ ውስጥ እነማን ይቀመጡ? ማንንስ ልንረሳ እንችላለን?

3. የቦርዱ ሰብሳቢ የወረዳው ሹም ቢሆን ምን ይጠቅማል? ምን ይጎዳል?

4. አትክልተኛው «ውጤቱ ይደበቅ»፣ ሸማቹ «ዛሬውኑ ይነገር» ቢሉ እናንተ አባል ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

5. ለአንድ የጤና አጥኚ የምታቀርቡትን 3 ጥያቄ በደብተራችሁ ጻፉ። በሚቀጥለው ክፍል አምጥታችሁ አንብቡ።